ከቦሎኛ በዝግተኛው ባቡር፦ ሞንቴ ሶሌ፣ ራቬና፣ ቬኒስ

ቦሎኛ የሚማር ሰው አንድ ትልቅ ዕድል አለው። ከተማዋ የጣሊያን ባቡሮች መገናኛ ናት። ወደ ሚላን፣ ወደ ፍሎረንስ፣ ወደ ቬኒስ፣ ወደ አንኮና የሚሄደው ብዙ ባቡር በእሷ በኩል ያልፋል። ዓርብ ማታ ከላይብረሪ ስንወጣ "ነገ የት እንሂድ?" ብሎ መነሳት ይቻላል። ሪጂዮናሌ የሚባለው ዝግተኛ ባቡር ትኬቱ ከወር በፊትም ተገዛ፣ ሊነሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዋጋው ያው ነው። በየትንሹ ጣቢያ ይቆማል። ተማሪ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ብስክሌት የያዘ ጎረምሳ፣ የልጅ ልጇን ለማየት የምትሄድ አያት ይሳፈሩበታል።

አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሌላ ነገር ነው። ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት ያገኙና ቅዳሜ ፓሪስ፣ እሑድ ባርሴሎና ይላሉ። ሰኞ ክፍል የሚገቡት እንቅልፍ እየጣላቸው ነው። ምን እንዳዩ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያሳዩሃል። አልፈርድባቸውም፤ ዓለምን ለማየት መጓጓት ደስ ይላል። እኔ ግን የሚጣፍጠኝ በቀን አንድ ቦታ፣ በዝግተኛው ባቡር፣ ምሳ ቋጥሮ፣ ከጓደኛ ጋር የሚኬደው ነው። የምማርበትን አገር ያወቅሁት እንደዚያ ነው።

አገር ቤት እያለሁ ጣሊያንን የማውቃት በታሪክ ትምህርት ነበር። ዓድዋ፣ ማይጨው፣ የካቲት 12። እዚህ ስመጣ ደግሞ ሌላ ጣሊያን አገኘሁ፤ የፈተና፣ የፔርሜሶ (የመኖሪያ ፈቃድ) ወረፋ፣ የሜንሳ (የተማሪዎች ምግብ ቤት) ፓስታ። ሁለቱ ጣሊያኖች የሚገናኙት ቅዳሜና እሑድ መንገድ ስወጣ ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. የጣሊያኖች የነፃነት ቀን፣ ኤፕሪል 25፣ ዓርብ ዋለ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 17 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ትምህርት ዝግ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ነው። ስለዚህ ረጅም የዕረፍት ቀን ተገኘ፤ የጉዞ ቡድናችንም ተሰበሰበ። ከጎጃም የመጣው ጓደኛችን ሲቪል ኢንጂነሪንግ ይማራል፤ ግን በድቁና ያደገ ስለሆነ ሁላችንም "ዲያቆን" ነው የምንለው። የሐረሯ ልጅ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ናት። ካሜሩናዊው ፋርማሲ ያጠናል። ጣሊያናዊቷ ከደቡብ፣ ከፑሊያ፣ የመጣች የታሪክ ተማሪ ናት። ቤቷ ሩቅ ስለሆነ ለአጭር ዕረፍት አትሄድም፤ እንደ እኛው ቦሎኛ የቀረች ናት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ ፒያሳ ኔቱኖ ተገናኘን። ባንዲራው ዝቅ ብሎ ይውለበለባል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮ በፋሲካ ማግስት አርፈው አገሩ በብሔራዊ ሐዘን ላይ ነበር። አደባባዩ ግን በሰው ተሞልቷል። ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ ቀይ ሻሽ አስረዋል።

የሳላ ቦርሳ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ከ2,000 የሚበልጡ ጉርድ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ፋሺስትንና ናዚን ሲዋጉ የሞቱ የቦሎኛና የአካባቢዋ አርበኞች ናቸው። እዚሁ ግድግዳ ሥር ነበር ሰዎች እየተረሸኑ አስከሬናቸው ለማስፈራሪያ የሚተወው። ከተማዋ በኤፕሪል 21 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ዘመዶቻቸው አበባና ፎቶ ይዘው መጥተው ግድግዳው ላይ መስቀል ጀመሩ። ዛሬ ያለው መታሰቢያ ከዚያ የተነሳ ነው።

በዚህ ግድግዳ ፊት በየቀኑ አልፋለሁ። ላይብረሪ ስገባም ስወጣም። ዛሬ ግን ቆሜ አየሁት። አብዛኞቹ የእኛ እኩዮች ናቸው። አንዷ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ በቀጥታ ካሜራውን ታያለች። አንዱ ኮት ለብሷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል፤ የተዋሰው ይመስላል። አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ለሐረሯ ልጅ አስያዟትና ቀይ አበባ ከአንዱ ፎቶ ሥር ሰኩ። ከዚያ ከዘራቸውን ተቀብለው "ግራትዚዬ፣ ፊሊያ" (አመሰግናለሁ ልጄ) ብለዋት ሄዱ።

ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው። የቦሎኛ ጣቢያ ከውጭ በኩል አንድ ሰዓት አለ፤ 10:25 ላይ ቆሟል። በኦገስት 2 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. የመንገደኞች መቆያ ክፍሉ ውስጥ የተቀበረ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው የገደለበት ደቂቃ ነው። የፋሺስት አመለካከት ያላቸው ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። ሰዓቱ ለመታሰቢያነት እንደቆመ ተትቷል።

ማርዛቦቶ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ የሚሄደው ባቡር በሬኖ ወንዝ ሸለቆ ሽቅብ ይወጣል። ብዙም አይርቅም። ከጣቢያው ወርደን በእግር ተነሳን። መንገዱ ዳገት ነው። ግራና ቀኝ የቼስትነት ዛፍና ኦክ፣ መሬቱ ላይ ብጫ አበባ። ዲያቆን ቦርሳው ውስጥ ምሳችንን ተሸክሟል። የሐረሯ ልጅ ሌሊቱን የሠራችው ጥብስ ፍርፍር ነው፤ እንጀራው ከሐበሻ ሱቅ፣ በርበሬው ከእናቷ። ካሜሩናዊው "እናንተ ዓርብ ሥጋ አትበሉም አልነበር?" ሲል ዲያቆን ቆም ብሎ በደንብ አስረዳው። በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ካሜሩናዊው ረክቶ እጁን ታጠበ።

የበላነው ኢል ፖጆሎ የሚባል ቦታ፣ ሜዳ ላይ ነው። ኤፕሪል 25 ሲሆን ከየአቅጣጫው ሰው ወደዚህ ወደ ሞንቴ ሶሌ ተራራ ይወጣል። ሙዚቃ አለ፣ ንግግር አለ፣ በዘይት የተጠበሰ ክሬሸንቲና የሚባል ዳቦ አለ። ሕፃናት ይሯሯጣሉ። አጠገባችን የተቀመጡ ባልና ሚስት ፍርፍሩን አይተው ጠየቁ። ጎርሰው፣ በርበሬው ቢያቃጥላቸውም ደገሙ። በልዋጩ ግማሽ ሳላሚ አሳቅፈውን ነው የሄዱት።

ቦታው ግን የሽርሽር ቦታ ብቻ አይደለም። ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኦክቶበር 5 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. የናዚ ኤስ ኤስ ወታደሮች በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ በነበሩ መንደሮች 770 ሰው ጨርሰዋል። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ከምሳ በኋላ ከመንደሮቹ ወደ አንዷ፣ ወደ ካዛሊያ፣ ወጣን። ከቤተ ክርስቲያኑ የቀረው የድንጋይ መሠረትና የተወሰነ ግድግዳ ነው። ቄሱን፣ ዶን ኡባልዶ ማርኪዮኒን፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገደሏቸው። ተጠልሎ የነበረውን ሕዝብ ደግሞ ወደ መቃብር ስፍራው ነድተው በመትረየስ አጨዱት። መቃብሩ ትንሽ ናት፤ በድንጋይ አጥር የተከበበች። የብረት መስቀሎቹ ዝገዋል። አንዱን ጠጋ ብዬ ሳየው ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለበት። ጣት ያስገባል።

ዲያቆን ኮፍያውን አውልቆ ዳዊት ደገመ። እኛም ዝም ብለን ቆምን። ስንወጣ የፑሊያዋ ልጅ ጠየቀችው፤ ምን ብለህ ነው የጸለይከው አለችው። ነገራት። ከዚያ ስለ ደብረ ሊባኖስ ነገራት።

በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን። ከዚያም በግንቦት ግራዚያኒ ገዳሙ እንዲጠፋ ማዘዙን። ለግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡ መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምዕመናን ተለቅመው በመቶዎች መረሸናቸውን። ዲያቆን ለዚያ በዓል ደብረ ሊባኖስ ሄዶ ያውቃል፤ መንገዱን፣ ገደሉን፣ ዋሻውን አንድ በአንድ ነበር የሚገልጽላት። ልጅቷ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። "ማርዛቦቶን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረናል፤ ይህን ግን ማንም አልነገረንም" አለች። የታሪክ ተማሪ ናት እንግዲህ።

እኔም የማውቀውን ጨመርኩ። ማርዛቦቶ ላይ ጭፍጨፋውን የመራው ቫልተር ሬደር በ1951 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቦሎኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል፤ የወጣው በ1985 ነው። ግራዚያኒ ደግሞ በ1950 የተፈረደበት ከናዚ ጋር ስለተባበረ ብቻ ነው፤ 19 ዓመት ቢባልም በወራት ውስጥ ተፈታ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስላደረገው ነገር አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ማንም ዝም በል አላለኝም። እንዲያውም አጠገባችን የሚሄዱ ሽማግሌ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ያዳምጡ ነበር፤ በኋላም "ልክ ነህ" ብለውኝ አለፉ።

ቁልቁል ስንወርድ ተራው የፑሊያዋ ልጅ ሆነ። እሷ የነገረችንን ከእኛ አንዳችንም ሰምተን አናውቅም። በ1940 እ.ኤ.አ. ፋሺስቶች ኔፕልስ ላይ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን አዘጋጅተው ነበር። ለእሱ ብለው ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ሰዎችን አመጡ። ጦርነቱ ሲጀመር መመለሻ ጠፋ። በኋላ ማርኬ ወደሚባለው ክፍለ አገር፣ ትሬያ ወሰዷቸው። በ1943 መገባደጃ ከመካከላቸው የተወሰኑት አምልጠው ሳን ቪቺኖ ተራራ ላይ ካሉት አርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። የቡድኑ መሪ ማሪዮ ዴፓንገር ይባላል። ከኢትዮጵያውያኑ አንዱ ካርሎ አባ መጋል ነበር፤ በኖቬምበር 1943 ጣሊያንን ነፃ ለማውጣት ሲዋጋ ሞተ።

ዲያቆን ስሙን አስደጋገማት። "አባ መጋል? አባ መጋል ነው ያልሽው?" ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈው።

የጣሊያኖች ነፃነት ሚያዝያ 17፣ የእኛ የድል ቀን ሚያዝያ 27። በቀን ሲታይ በአሥር ቀን ይቀድሙናል። በዓመት ሲታይ ግን እኛ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስንወጣ እነሱ ገና አራት ዓመት ይቀራቸው ነበር። ያንን ዕለት ማታ ባቡር ውስጥ እንደዚያ ቆጠርነው፤ የፑሊያዋም ልጅ አብራ ቆጠረች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ራቬና ከቦሎኛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ባቡሩ ኢሞላን አልፎ ወደ ሜዳው ይገባል። የፒች ዛፍ፣ የወይን ተክል፣ እንደገና የፒች ዛፍ። በሜይ 2023 እ.ኤ.አ. ይህ ሁሉ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር። ካሜሩናዊው ያኔ አካፋ ይዘው ጭቃ ለመጥረግ ከሄዱት ተማሪዎች አንዱ ነው። የሉጎን አካባቢ በመስኮት እያሳየ ውኃው ግድግዳው ላይ የት ድረስ እንደደረሰ በእጁ ለካልን።

እንደደረስን ቡና ልንጠጣ አንድ ባር ገባን። ቴሌቪዥኑ ላይ የፍራንቸስኮ ቀብር ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ፣ ቀላል የእንጨት ሣጥን፣ ንፋሱ የካርዲናሎቹን ቀይ ልብስ ያርገበግባል። ባሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቆሟል። ባሬስታው ማሽኑን አጥፍቶ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ያያል። ካሜሩናዊው ካቶሊክ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማኪያቷችን ቀዝቅዞ ጠጣነው። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ከዚያ አልወጣንም፤ ለጓደኛ ሲባል የጉዞ ፕሮግራም ቢዛባ ምንም አይደለም።

ራቬና በዩኔስኮ የተመዘገቡ ስምንት ጥንታዊ ሕንፃዎች አሏት። ሁሉንም በአንድ ቀን እየተሯሯጡ ማየት ይቻላል። እኛ ግን ለሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያንና አጠገቡ በሮማዊቷ ንግሥት በጋላ ፕላቺዲያ ስም ለሚጠራው ሕንፃ ጊዜ ሰጠን። የጋላ ፕላቺዲያዋ ከውጭ ስትታይ ተራ የጡብ ቤት ናት። ውስጧ ሲገባ ጨለም ይላል። መስኮቶቹ በመስታወት ፋንታ ስስ የአልባስጥሮስ ድንጋይ ነው ያላቸው፤ ብርሃኑ ማር መስሎ ይገባል። ዓይን ሲለምድ ጣራው ከነወርቅ ኮከቦቹ ብቅ ይላል፤ ድቅድቅ ሰማያዊ። ብዙ አያስቆዩም፤ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ቢሆንም ይበቃል።

ሳን ቪታሌ ላይ የሆነው ግን የዲያቆን ቀን ነው። በመሠዊያው ዙሪያ፣ በግራ በኩል፣ የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከነአጃቢዎቹ በሞዛይክ፣ በተገጣጠሙ ጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮች፣ ተሥሏል። እጁ ላይ የወርቅ ጻሕል ይዟል። ፊት ለፊቱ ንግሥት ቴዎዶራ ጽዋ ይዛ ቆማለች። የሐረሯ ልጅ የንግሥቲቱን ቀሚስ ጥለት ስታጤን ከጫፉ ላይ ሰብአ ሰገል ስጦታ ይዘው ሲሄዱ አገኘች። ዲያቆን ደግሞ ከጳጳሱ ከማክሲሚያኖስ ጎን የቆሙትን ሁለት ሰዎች ነው ያየው። አንዱ ወንጌል ይዟል። ሌላው ጽና። "ዲያቆናት ናቸው!" አለ፤ ድምፁ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስተጋባ። ጽናውን እንዴት እንደያዘ አየ፤ የራሱን እጅ አየ። በልጅነቱ በዚያው አያያዝ ነበር የያዘው። ከ1,400 ዓመት በላይ የሆነው ሥዕል ነው።

ከዚያ ነው ነገሩ ይበልጥ የገባን። ዮስጢንያኖስና የእኛ አፄ ካሌብ በአንድ ዘመን የነገሡ ናቸው። ፕሮኮፒዮስ የሚባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደጻፈው ዮስጢንያኖስ ዩልያኖስ የሚባል መልእክተኛ ወደ አክሱም ልኮ ነበር። ጥያቄው የንግድ ነው። ሮማውያን ሐር የሚገዙት በፋርስ በኩል ስለነበር ገንዘባቸው ለጠላት ይገባል። ስለዚህ አክሱማውያን ሐሩን ከህንድ ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ ጠየቀ። ካሌብ እሺ ብሏል። ግን አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ለህንድ ቅርብ ስለሆኑ መርከብ በደረሰ ቁጥር ቀድመው ጠቅልለው ይገዙ ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ አንብቤዋለሁ። ማንበብና እዚያ ሞዛይክ ሥር አንገትን ቀና አድርጎ መቆም ግን ይለያያል። ወደ አክሱም ደብዳቤ የላከው ሰው ፊቱ ይኸው። ጢሙን የተላጨ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ትንሽ የደከመው ሰው። ሞዛይኩ የተሠራው እሱ በሕይወት እያለ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በ547 እ.ኤ.አ. ገደማ ተባርኮ ሲከፈት ገና ነግሦ ነበር።

የፑሊያዋ ልጅ ወደ ታላቁ ጣሊያናዊ ባለቅኔ ወደ ዳንቴ መቃብር ወሰደችን። ፍሎረንስ በ1302 በስደት አባረረችው፤ በ1321 ራቬና ላይ ሞተ። በኋላ ፍሎረንስ አጽሙን ብትለምን ራቬና እምቢ አለች። ዛሬም መቃብሩ ውስጥ ለሚበራው መብራት ዘይቱን በየዓመቱ የምትሰጠው ፍሎረንስ ናት። ልጅቷ ትምህርት ቤት በቃሏ ያጠናችውን ስንኝ አንበለበለችልን፤ ጥቂት ቱሪስቶችም ቆመው ሰሙ።

ምሳ ፒያዲና ነበር። በምጣድ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ ውስጡ ስኳኩዌሮኔ የሚባል ለስላሳ አይብና ሩኮላ የሚባል ቅጠል ይገባበታል። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ወረድን። የሐረሯ ልጅ ባሕር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ጫማዋን አወለቀች። አድሪያቲክ በኤፕሪል ይቀዘቅዛል፤ እሷ ግን እስከ ጉልበቷ ገባች። ለእናቷ ቪዲዮ ደወለች። እናቷ ከዚያ በኩል "ውጪ አንቺ ልጅ፣ ብርድ ይመታሻል!" ይላሉ። እሷ ስልኩን ወደ ባሕሩ አዙራ ታሳያቸዋለች። በመጨረሻ እናቷም ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። ከዚያ "እንግዲህ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ" ብለው ሁላችንንም በየተራ አነጋገሩን፤ ካሜሩናዊውን ጭምር፣ በአማርኛ። እሱም "አሜን" ብሎ መለሰላቸው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ዳግማይ ትንሣኤ። ዲያቆን ቅዳሴውን ባቡር ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሰማ። እኛ ከፌራራ እስከ ሮቪጎ ተኛን።

ቬኒስ በ2025 ከኤፕሪል አጋማሽ ጀምሮ በተወሰኑ ቀናት ለቀን ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ታስከፍል ነበር። ቢያንስ ከአራት ቀን በፊት ለተመዘገበ 5 ዩሮ፣ ከዚያ በኋላ 10። ይሠራ የነበረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነፃ ነበር። የፑሊያዋ ልጅ ቀደም ብላ ስላስመዘገበችን በ5 ዩሮ ገባን። አንዳንድ ተማሪ ግማሹን ቀን ፓዶቫ አሳልፎ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይገባ ነበር። እሱም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ፓዶቫ ራሷ መታየት ያለባት ከተማ ናት።

ከሜስትሬ በኋላ ባቡሩ በውኃው ላይ ይሄዳል። ጎን ለጎን ያለው የመኪና ድልድይ በ1933 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የፋሺስት ስም ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ የነፃነት ድልድይ ተባለ።

የውኃ አውቶቡሱ አንድ ጉዞ ያኔ 9 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ በእግራችን ሄድን። ቬኒስን በእግር ማየት ደግሞ ትክክለኛው መንገድ ይመስለኛል። የሪያልቶው ጎዳና በሰው ታጭቋል። ሁለት መታጠፊያ ገባ ስትል ግን ልብስ የተሰጣበት ጠባብ መንገድ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ ውኃ የሚፈስባት የሕዝብ ቧንቧ ታገኛለህ። ጠርሙሳችንን ከዚያ ሞላን።

የመጣንበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ፣ በኮሬር ሙዚየም በኩል፣ የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ አለ። ትኬቱ ለተማሪ ኪስ ከበድ ይላል። እኔ፣ ዲያቆንና የፑሊያዋ ልጅ ገባን፤ ሁለቱ ውጭ ዞር ዞር ሊሉ ቀሩ።

ፍራ ማውሮ መነኩሴ ነው፤ ሙራኖ አጠገብ ሳን ሚኬሌ በምትባል ደሴት ይኖር ነበር። ካርታውን የሠራው በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ክብ ነው፤ ከነወርቃማ ፍሬሙ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለሣለው አፍሪካ ከላይ ናት። በጥቃቅን ጽሑፍ፣ በወንዝ፣ በተራራ፣ በግንብ የተሞላ ነው። ዓይናችንን ወደ ላይ ሰደድን። አባስያ። የእኛው አገር ናት። አውሮፓዊ መርከበኛ ገና የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ሳይዞር፣ የኢትዮጵያ ክፍል በወንዝና በከተማ ስም ተጨናንቆ ቁጭ ብሏል።

እንዴት አወቀ? ራሱ ካርታው ላይ ጽፎታል። ስለነዚህ ደቡባዊ አገሮች የሣልኩትን ሁሉ ያገኘሁት እዚያው ከተወለዱ ካህናት ነው፤ አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ሥለው ሰጡኝ ይላል። የፑሊያዋ ልጅ ይህን ስታስረዳን ዲያቆን ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። የእነዚያ ካህናት ስም አልተጻፈም። ከኢትዮጵያ ተነስተው፣ ምናልባት በኢየሩሳሌም በኩል፣ እስከዚህ ድረስ የመጡ ሰዎች ናቸው። ቁጭ ብለው የአገራቸውን ወንዝ ለአንድ ጣሊያናዊ መነኩሴ ይሥላሉ። እኛ ዛሬ ክፍል ውስጥ የመጣችሁበትን አገር አሳዩ ስንባል የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ግንኙነቱ ደግሞ ከካርታው ይቀድማል። በ1402 እ.ኤ.አ. የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን በስጦታ ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ኢትዮጵያ ሄዶ አርባ ዓመት ያህል ኖሯል፤ ለቤተ ክርስቲያናትም ሥሏል። ከዓድዋ በፊት ስለነበረው ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አንማርም። ሊነገረን ይገባ ነበር ባይ ነኝ። ጣሊያኖቹ ደብረ ሊባኖስን ማወቅ ያለባቸውን ያህል እኛም የዚህን ካርታ ታሪክ ማወቅ አለብን።

ስንወጣ የሐረሯ ልጅና ካሜሩናዊው ጄላቶ ይዘው ይጠብቁናል። አደባባዩ ላይ ተቀምጦ መብላት ያስቀጣል። ስለዚህ እስከ ሳንት ኤሌና መናፈሻ ተጓዝን። ሩቅ ነው ግን ዛፍና ሣር አለ፤ ቱሪስቱም አይበዛም። የዓርቡ ሳላሚ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከአገር ቤት የመጣ ዳቦ ቆሎ። ዲያቆን ዳቦ ቆሎውን ለሁሉም በእፍኝ እያደለ ስለ ካርታው ላልገቡት ተረከላቸው። ከእኛ የበለጠ ያወቀው እሱ ነበር፤ ካህናቱን እንደ ዘመድ ነው የሚያወራላቸው።

ማታ ስንመለስ ባቡሩ ሞልቶ ስለነበር እስከ ፓዶቫ ቆመን ተጓዝን። ከዚያ ቦታ ተገኘ። የፑሊያዋ ልጅ ስልኳን አውጥታ የባቡር ሰዓት መፈለግ ጀመረች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ለሚያዝያ 27 ሁለት ቀን የሚቀረው ነው። ወደ ማርኬ ለመሄድ መጀመሪያ በአንኮና መስመር እስከ ቺቪታኖቫ፣ ከዚያ ቀይሮ እስከ ሳን ሴቬሪኖ። አባ መጋልና ጓደኞቹ የተዋጉበት የሳን ቪቺኖ ተራራ ከዚያ ቅርብ ነው። ካሜሩናዊው ሰኞ ፈተና አለበት፤ ማስታወሻውን ይዞ ባቡር ውስጥ እንደሚያጠና ተናገረ። የሐረሯ ልጅ እንጀራ እንዲቀመጥላት ለሱቁ መልእክት ላከች። ዲያቆን ከዚህ ቀደም ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ ጧፍ የት እንደሚሸጥ።